ጋላክሲን ራጅ የሚያነሳው ማነው? (ከድሬ የመጣ ጥያቄ)

ራጅ_ክፍል · ሐሙስ ማታ 1፡40
ጀማው እንዴት አመሻችሁ። ድሬዳዋ ነኝ፣ ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። ትናንት 9ኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና "አክስቴ፣ አንድሮሜዳ የሚባል ጋላክሲ ውስጥ ኖቫ ሲፈነዳ በራጅ ያዩታል ይላል። እንዴት ነው የሚያነሱት?" አለኝ። "ሂድ ወደዚያ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው" ብዬ አባረርኩት እንጂ እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

እኔ የማውቀው ራጅ እንዲህ ነው። ከወዲህ ቱቦ አለ፣ ከወዲያ ፊልም (አሁንማ ዲጂታል ሰሌዳ ሆኗል)፣ መሃል ላይ ሰውየው ይቆማል። ጨረሩ ሰውየውን አልፎ ሲሄድ አጥንቱ ያስቀረዋል፣ እኛ የምናነበው ጥላውን ነው። ታዲያ እዚያ ቱቦው የማን ነው? ከኮከቡ ጀርባ ቆሞ ጨረር የሚለቀው ማነው? "ትንፋሽህን ያዝ፣ እንዳትንቀሳቀስ" የሚለውስ?

አሸዋ_ሰፈር · 1፡44
አቦ መጀመሪያ ጋላክሲው ምን አሞት ነው? የሐኪም ወረቀት ይዟል?

ራጅ_ክፍል · 1፡46
ሳይከፍል ነው የገባው።

ደንገጎ_ላይ · 2፡10
ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ የኖቫ ነገር ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ስለዚህ ይረዝማል፤ የደከመው ይዝለለው።

ሰማይ ላይ ራጅ የሚያነሳ የለም። ቱቦው ራሱ ኮከቡ ነው። ጨረሩን የሚያመነጨው ያው የፈነዳው ነገር ነው፤ የኛ ድርሻ የፊልሙን ቦታ ይዞ መጠበቅ ብቻ። ስለዚህ አንቺ ጥላ ታነቢያለሽ፣ እነሱ ፍም ያነባሉ።

ኖቫ ሁለት ተጠጋግተው የሚዞሩ ኮከቦች መሃል የሚነሳ ጣጣ ነው። አንዱ ነጭ ድንክ ይባላል፤ ነዳጁን ጨርሶ የተጨማደደ የኮከብ አስኳል፣ ክብደቱ ፀሐይን የሚያህል፣ ስፋቱ ግን መሬትን ቢያክል ነው። ሌላኛው ገና ሃይድሮጅን ያልጨረሰ ኮከብ ነው። ድንኩ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን እየሳበ ገላው ላይ ይደርባል። የተደረበው ከሥሩ ሲጨመቅና ሲግል ይቆይና አንድ ቀን እንደ ሃይድሮጅን ቦምብ ይለኮሳል። ከ3 እስከ 30 መሬት የሚመዝን ጋዝ በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ኪሎ ሜትር እየተወረወረ ይወጣል። ድንኩ ግን ቦታው ነው። ወተት ሲገነፍል ምድጃው ይበላሻል እንጂ ድስቱ አይሰበርም።

አሁን ወደ ራጁ። የቡና ከሰል ስታያይዢ መጀመሪያ ጭስ ብቻ ነው፤ ፍሙ ከሥር ቢኖርም አይታይሽም። ጭሱ ሲሳሳ ፍሙ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ከሰሉ እስኪያልቅ ቀልቶ ይቆይና ዐመድ ይሆናል። ኖቫም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ በተራ ቴሌስኮፕ የሚታየው ድምቀት የ"ጭሱ" ነው፣ የተወረወረው ጋዝ ብርሃን። ጋዙ እየሰፋ ሲሳሳ፣ ድንኩ ላይ የቀረው ሃይድሮጅን ገና እየነደደ መሆኑ ይገለጣል። ሙቀቱ ከመቶ ሺዎች እስከ 1 ሚሊዮን ዲግሪ ስለሚደርስ አብዛኛው ብርሃኑ ዓይን የሚያየው አይደለም፤ ለስላሳ (ጉልበቱ ደካማ) ኤክስሬይ፣ ያው ያንቺ ራጅ ነው።

እና ሁለት ነገር ይለካል። ፍሙ እስኪገለጥ የፈጀው ጊዜ ጭሱ ምን ያህል ወፍራም እንደነበር ይናገራል፤ ስንት ጋዝ፣ በምን ፍጥነት እንደወጣ ማለት ነው። ፍሙ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ደግሞ ምን ያህል ከሰል እንደተረፈ። ድንኩ ከባድ ሲሆን ለመለኮስ ጥቂት ሃይድሮጅን ይበቃዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይገለጣል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ለአንዱ ነገሩ በሳምንታት ያልቃል፣ ለሌላው ዓመታት ይፈጃል። ፍንዳታ ሲባል አንድ ጊዜ ድም ብሎ የሚያበቃ ይመስለን ነበር፤ ኤክስሬይ ባይኖር ኖሮ ከጭሱ በኋላ ያለውን ግማሽ ታሪክ አናየውም ነበር።

ራጅ_ክፍል · 2፡21
ቆይ ቆይ። "ለስላሳ" ያልከው ስንት ነው በኛ ቁጥር?

ደንገጎ_ላይ · 2፡23
ከ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) በታች። አብዛኛው ከግማሽም ያንሳል።

ራጅ_ክፍል · 2፡31
ወላሂ አሁን ገባኝ፣ ሳቄም መጣ። እኛ ደረት ስናነሳ እስከ 120 ኪሎ ቮልት እንሄዳለን፣ ለእጅ እንኳ 50 ገደማ እናደርጋለን። ያንተ ለስላሳ ጨረር እኛ ቤት ጥራጊ ነው! ሰውነት ውስጥ ስለማይዘልቅ ለምስሉ አይጠቅምም፣ ቆዳ ላይ ቀርቶ በሽተኛውን በከንቱ ያስመታል። ለዚህ ብለን ቱቦው አፍ ላይ የአልሙኒየም ማጣሪያ እናደርጋለን። ከ1 በታች ያልከውማ ከቱቦው ብርጭቆም አይወጣ። እኛ አጣርተን የምንጥለውን ነው እናንተ ተሰልፋችሁ የምትጠብቁት ማለት ነው።

ደንገጎ_ላይ · 2፡40
በትክክል! ስለዚህ ነው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማየት የማይቻለው። እንዲህ ያለውን ጨረር ጥቂት ሚሊሜትር አየር ያስቆመዋል፤ ከባቢ አየሩ በሙሉ ላንቺ አልሙኒየም ነው በይው። መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት አለበት። የጀርመኗ ሮሳት በ1990 ወጣች፣ የአሜሪካ ቻንድራ በሐምሌ 1999፣ የአውሮፓ ኤክስኤምኤም ኒውተን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ስዊፍት ደግሞ በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

መስታወታቸውም ሌላ ዓይነት ነው። ኤክስሬይ ፊት ለፊት ከመጣ መስታወቱ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። አግድም ታክኮ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚንሸራተተው፤ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጠጠር አግድም ሲወረወር እንደሚዘለው (ሐይቁ ተመልሷልና ዛሬ መሞከር ይቻላል)። ስለዚህ መስታወቱ ሳህን አይመስልም። ሻይ ቤት እንደተሰካካ ብርጭቆ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ቱቦ ነው። ኤክስኤምኤም እንዲህ ያሉ ሦስት ቴሌስኮፖች አሏት፣ እያንዳንዱ 58 መስታወት ተሰካክቶበታል።

ፒያሳ_ነኝ · 2፡52
ጋሽ ደንገጎ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በራሳችን ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብም ኖቫ አለ አይደል? ቅርቡን ትተው 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀውን ለምን ይመርጣሉ?

አሸዋ_ሰፈር · 2፡53
"ልጠይቅዎት" 😂 አቦ ሰውየውን አስረጀኸው። እዚህ አንቱ የሚባለው ዕዳ ያለብህ ሰው ብቻ ነው።

ደንገጎ_ላይ · 3፡08
አንተ በለኝ ወንድሜ፣ ይመቸኛል። ጥያቄህ ግን አንቱ የሚያስብል ነው።

መልሱ ስሜ ውስጥ ነው፤ ደንገጎ ከድሬ በላይ ያለው ዳገት ነው። ከሐረማያ መልስ ማታ ደንገጎ ላይ ስትደርስ ድሬ በሙሉ ከሥርህ ተዘርግታ ትታያለች፤ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ መብራቱ ሁሉ አንድ ላይ። ከተማው ውስጥ ስትሆን ግን የምታየው የሰፈርህን መንገድ ነው፤ የቀረውን ግድግዳና ዛፍ ጋርዶታል። እኛ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ መሃል ሰፈር ነን። አቧራና ጋዙ ለስላሳውን ኤክስሬይ ይውጠዋል። በዓመት 50 ገደማ ኖቫ እንደሚፈነዳ ይገመታል፣ የሚገኘው ግን 10 ያህሉ ነው። የተገኘውም ቢሆን ርቀቱ ብዙ ጊዜ አጠራጣሪ ነው፤ ርቀቱን ካላወቅህ ደግሞ ፍሙ ትልቅ ሆኖ የራቀ ይሁን ትንሽ ሆኖ የቀረበ መለየት አትችልም።

አንድሮሜዳ ላይ ሁሉም ኖቫ በአንድ ርቀት ላይ ነው ማለት ይቻላል። በመንገዱ ያለው አቧራም ቀለል ይላል። በዓመት 65 ያህል እንደሚፈነዱ ይገመታል። ስለዚህ አንዱን ከአንዱ ማወዳደር ይቻላል፦ የትኛው ቶሎ ተገለጠ፣ የትኛው ቆየ። ጋርኺንግ፣ ጀርመን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ቮልፍጋንግ ፒዬችና ባልደረቦቹ በ2005 ያወጡት ሥራ ነው ነገሩን የከፈተው። አንድሮሜዳ ውስጥ የታዩትን እጅግ ለስላሳ የኤክስሬይ ምንጮች ከኖቫ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ሲያስተያዩ ትልቁ ድርሻ የኖቫ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ "ይሄ ደግሞ ምንድነው" እየተባለ የሚታለፍ ነጥብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጋላክሲውን መሃል ዓመት በዓመት እየተመላለሱ አዩት፤ በ2014 ማርቲን ሄንሰና ባልደረቦቹ ኤክስሬይ ያሳዩ 79 ኖቫዎችን ቆጥረው አነጻጽረዋል።

ሳቢያን_03 · 3፡15
ምሳሌህ ደስ ይላል ግን እኔ ከደንገጎ ሆኜ የቤቴን መብራት ለይቼ አላውቅም። አንድ ላይ ነው የሚንቦገቦገው።

ደንገጎ_ላይ · 3፡24
ያዝከኝ። ችግሩም ያው ነው። የአንድሮሜዳ መሃል በኤክስሬይ ምንጭ የተጨናነቀ ነው፣ ኖቫው ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀልብሃል። ስለዚህ ሁለቱን ሳተላይቶች ያፈራርቋቸዋል። ኤክስኤምኤም ብዙ ጨረር ትሰበስባለች፣ ዓይኗ ግን እንደ ቻንድራ ስል አይደለም። ቻንድራ የምትሰበስበው ያንሳል፣ የአንተን አምፖል ግን ከጎረቤትህ አምፖል ትለያለች። መሃሉ ላይ ያለ ቻንድራ አይቻልም።

ሌላው ዋጋ ደግሞ ድካሙ ነው። ሰዓታት ሙሉ ተመልክተህ ከአንድ ኖቫ የምታገኘው በጣት የሚቆጠሩ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ሊሆኑ ይችላሉ። ራጅ_ክፍል፣ አንቺ በአንድ ብልጭታ የምታገኚውን አስቢው።

ራጅ_ክፍል · 3፡27
በዚያ መጠን ምስል ባወጣ ሐኪሞቹ ፊቴ ላይ ይወረውሩታል።

ጀጎል_በር · 3፡30
ከሐረር። ስለ አንድሮሜዳ እያወራችሁ የማን ልጅ እንደሆነች አለማንሳታችሁ ገረመኝ። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴፌውስና የንግሥቲቱ የካሲዮፒያ ልጅ ናት። አባትና እናቷም እዚያው ሰማይ ላይ አጠገቧ ናቸው።

መጋላ_ካፌ · 3፡33
የግሪኮቹ "ኢትዮጵያ" የዛሬዋ ናት ማለት አይደለም እኮ። ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ነበር እንደዚያ የሚሉት። ተረቱን ጆፓ (እስራኤል ያለችው የዛሬዋ ያፋ) የሚያደርጉትም አሉ።

ጀጎል_በር · 3፡35
ይሁን፣ ስማችን ግን አለ። ካርታ አልጠየቅኩህም።

ደንገጎ_ላይ · 3፡46
ከመጣላታችሁ በፊት ይህን ስሙ። በ1923 የሰማይ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል አሜሪካ፣ ማውንት ዊልሰን ላይ ባለው ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ፎቶ አንስቶ አዲስ ብቅ ያሉ የመሰሉትን ሦስት ነጥቦች ኖቫ ናቸው ብሎ "ኤን" ጻፈባቸው። በኋላ ከድሮ ፎቶዎች ጋር ሲያስተያይ አንዱ ኖቫ እንዳልሆነ ገባው፤ በየጊዜው የሚደምቅና የሚደበዝዝ ኮከብ ነበር። "ኤን"ዋን ሰርዞ "ተለዋዋጭ!" የሚል ቃል በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ከነቃለ አጋኖው ጻፈ። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ የተለካው በዚያ ኮከብ ነው። የኮከቡ ዓይነት ደግሞ ሴፌይድ ይባላል፣ ስሙን ያገኘው ሴፌውስ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ካለ ኮከብ ነው።

ጀጎል_በር · 3፡48
አያችሁ! የልጅቷን ርቀት የለካው አባቷ ነው። ከዚህ በኋላ ጆፓ የሚለኝ የለም።

ቀፊራ_ንግድ · 3፡55
ሽንኩርት በዚህ ዋጋ እየተሸጠ እናንተ ስለ ጋላክሲ ጭስ። ምን ይጠቅማል?

አሸዋ_ሰፈር · 3፡56
የሽንኩርቱ ክር ከላይ ነው ሐጂ። 300 መልስ አለው፣ እሱም ዋጋውን አልቀነሰም።

ሳቢያን_03 · 4፡02
ግን ፈንድቶ ኮከቡ ካልሞተ እንደገና ይፈነዳል ማለት ነው? ትምህርት ቤት "ኮከብ ሲሞት ይፈነዳል" ነበር የተባልነው።

ደንገጎ_ላይ · 4፡20
ያ ሱፐርኖቫ ነው፣ እሱ የማይመለስ ነው። በ1885 አንድሮሜዳ ውስጥ አንድ ታይቶ ያኔ ኖቫ መስሏቸው ነበር፤ ርቀቱን በዚያ ገምተው ብዙ ሰው ጋላክሲው ቅርብ ነው ብሎ ተሳስቷል። ኖቫ ግን ጎረቤቱ መመገቡን እስካላቆመ ድረስ ይደግማል። አብዛኛው በሺዎች ዓመት ውስጥ ነው የሚደግመው፣ ማንም ቆሞ አይጠብቀውም። አንዳንዱ ግን ይቸኩላል። በኛው ጋላክሲ ቲ ኮሮኔ ቦሬያሊስ የሚባለው በ1866 እና በ1946 ፈንድቷል፤ አርኤስ ኦፊዩኪ በ1985፣ በ2006፣ በ2021።

አንድሮሜዳ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ የሚፈነዳ አለ። አዎ፣ በየዓመቱ። ኤም31ኤን 2008-12ኤ ይባላል፤ ስሙ በታኅሣሥ 2008 እዚያ ከተገኙት ኖቫዎች የመጀመሪያው ማለት ነው። ያገኙት ጃፓናውያን አማተሮች ናቸው፣ በኛ የቁልቢ ሰሞን መሆኑ ነው። ያኔ አንድ ተራ ኖቫ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደገመ፣ በቀጣዩም፣ እስኪነቁበት ድረስ። ድንኩ 1.38 ፀሐይ ገደማ እንደሚመዝን ተሰልቷል፤ ነጭ ድንክ ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ ደግሞ 1.4 አካባቢ ነው (ጣሪያውን ያሰላው ቻንድራሴካር ነው፣ ሳተላይቷ የተሰየመችው በእሱ ነው)። ለመለኮስ እፍኝ ሃይድሮጅን ይበቃዋል፤ ጭሱም እፍኝ ነው። ስለዚህ ኤክስሬዩ በ6ኛው ቀን ገደማ ይገለጣል፣ በ18ኛው አካባቢ ይጠፋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጀምሮ ይጨርሳል። ያን የሚያህል ፈጣን ነገር ለመያዝ ስዊፍት ትሻላለች፣ በተባለችበት ቀን ፊቷን ታዞራለች።

በየዓመቱ ስል ግን እንደ ቁልቢ ቀኑ የታወቀ አይደለም። በ2015 በነሐሴ መጨረሻ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ሰዎቹ ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ ቀረ፤ በታኅሣሥ ብቻ ፈነዳ፣ ኤክስሬዩም ከወትሮው ቀድሞ ጠፋ። በመሃሉ ከጎረቤቱ የሚስበው ቀንሶ ነበር የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ያን ዓመት ነው፤ የሰዓት ያህል ያመኑት ነገር ሲያረፍድ ነው ውስጡን የሚያሳየው።

ፒያሳ_ነኝ · 4፡26
ከ2008 በፊትስ? አልነበረም?

ደንገጎ_ላይ · 4፡31
ነበር። መዝገብ ሲያገላብጡ ሮሳት በ1992 እና በ1993፣ ቻንድራም በ2001 እዚያው ቦታ ላይ ኤክስሬይ አይተው ነበር። ያየው ሳያውቀው አልፎታል።

ራጅ_ክፍል · 4፡36
ይሄ እኛ ጋ የየቀን ሥራ ነው። ሰውየው ዛሬ ወድቄ ነው ብሎ ይመጣል፣ የድሮ ፊልሙን ከመሳቢያ ስናወጣ ያው ስብራት ድሮም ነበር። ለዚህ ነው ፊልም አትጣሉ የምለው፣ የሚሰማኝ የለም እንጂ። አንድ የሠራሁበት ቦታ ለጽዳት ብለው የ7 ዓመት ፊልም በአንድ ቀን አስወገዱት። እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ጀጎል_በር · 4፡40
እና መጨረሻው ምንድነው የዚያ ድንክ? ጣሪያው ከደረሰ?

ደንገጎ_ላይ · 4፡47
በየፍንዳታው ከሚጥለው የሚያስቀረው ከበለጠ ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል። ከ20,000 ዓመት ባነሰ ጊዜ ጣሪያውን ሊያልፍ እንደሚችል ያሰሉ አሉ። ውስጡ ካርቦንና ኦክስጅን ከሆነ ያኔ ድስቱም ይሰበራል፣ ሱፐርኖቫ ይሆናል። ኦክስጅንና ኒዮን ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ይወድቃል። ዙሪያውን ደግሞ 400 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚሰፋ የጋዝ ቀለበት አለው፣ በድሮ ፍንዳታዎቹ እየተጠራረገ የተከመረ። በየዓመቱ ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን ደጅ የሚያጠራቅም ሰው አስቡ።

መጋላ_ካፌ · 4፡50
ሁሉም ግን ድሮ የሆነ ነው። ብርሃኑ ሲነሳ ሉሲ በሕይወት ነበረች።

ጀጎል_በር · 4፡52
ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ናት፣ አልደረሰችበትም። አፋር ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ናቸው የሚቀርቡት፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት። ካርታ የሚወድ ሰው ቁጥርም ይውደድ 😏

ራጅ_ክፍል · 4፡58
ጀማው ይመቻችሁ። ልጁን ቀስቅሼ ነገርኩት፣ ግማሹን እንቅልፉ ወሰደው። አሁን ደግሞ መብራት ጠፋ። በዓይን ይታያል ወይ ይሄ አንድሮሜዳ? ጣሪያ ላይ ልውጣ?

ደንገጎ_ላይ · 5፡01
ውጪ ውጪ! ኖቫው በዓይን አይታይም፣ ለእሱ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር መስታወቶች ዓይነት ሲሆን ይበቃል። ጋላክሲው ራሱ ግን ጨለማ ካለ ይታያል። ኅዳር ላይ ጥሩ ጊዜው 3 ሰዓት አካባቢ ነበር፣ አሁን ወደ ምዕራብ አዘንብሏል ግን አልጠለቀም። ፊትሽን ወደ ሰሜን ምዕራብ አድርጊ። ካሲዮፒያን ፈልጊ፣ አምስት ኮከብ፣ የተጣመመ መሰላል ትመስላለች። ከእሷ ከፍ ብሎ ወደ ግራ፣ እንደ ትንፋሽ ጭጋግ ያለች ሞላላ ነጥብ። ትኩር ብለሽ አትይው፣ በዓይንሽ ጥግ እይው። የስልክሽን መብራት አጥፊ።

ራጅ_ክፍል · 5፡17
አየኋት! መሰለኝ። ጭጋግ ነገር ናት፣ ቀጥታ ሳያት ትጠፋለች፣ ዞር ስል ትመጣለች። ልጁም አይቷል፣ "ይቺ ናት እንዴ?" ብሎ ተናደደ። ቆይ እ

ራጅ_ክፍል · 5፡18
መብራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። አጣኋት።

አሸዋ_ሰፈር · 5፡19
መብራት መጣ ብላ ያዘነች የመጀመሪያዋ የድሬ ሰው።